ኔድ የት ነው የሚያድረው?

የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆዱን በብረት መቆንጠጫ ተይዞ ስቡ ሲለካ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ አትዩ። ቴጋን አይታ ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ አልወርድ ብሏታል።

የተለካው ልጅ ኔድ ነው፣ የግሌንና የሼሪል ልጅ። ለኪው ደግሞ ከሲድኒው ክለብ የተላከ መልማይ፣ ክሬግ የሚባል ጥርሱን ያስነጣ ሰውዬ። የት ለካው? እናቱ ማዕድ ቤት ውስጥ! የበጉ ጥብስ ገና ከምድጃ ሳይወጣ! ኧረ ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ፤ እዚያ ጋ ስንደርስ መናደዳችን አይቀርም።

ቴጋን ከሙሬይ ወንዝ በስተደቡብ፣ ሜሪቢ በምትባል ከተማ፣ አክስቷ ማርጅ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ዕድሜዋ አሥራ ስምንት፤ ፊቷ ጠቃጠቆ በጠቃጠቆ፤ ምላሷ እንደሆነ ዕረፍት የለውም። ዓምና አንድ ቅዳሜ፣ ጨዋታ እንዳለቀ፣ በር የሚያክል ልጅ እያነከሰ ገባ።

«በረዶ አለሽ?»

«ዳቦ ቤት ነው እኮ።»

«እሱንማ አያለሁ። ጉልበቴ ነው።»

ጉልበቱን አየችው፤ አብጦ ድፎ አክሏል። በረዶ ግን የለም። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው አክስቷ ለእራት የገዛችው የቀዘቀዘ አተር ብቻ ነው። ከረጢቱን አውጥታ ሰጠችው።

«የአክስቴ ነው። መልስ።»

መለሰ። ሰኞ ጠዋት፣ ከረጢቱ ውሃ እያንጠባጠበ፣ «ይኸው አተርሽ» ብሎ ባንኮኒው ላይ ቁጭ አደረገው።

«ይኼ አተር ነው? ይኼ ሾርባ ነው!»

ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ መውጣት ነበረበት፤ አልወጣም። ቆመ። እሷም የምትሸጥለት ነገር ጠፋት። እሱ መጋረጃውን ያያል፣ እሷ ሚዛኑን ታያለች፤ ሦስት ደንበኛ ገብቶ ወጣ። በመጨረሻ ማርጅ ከጓሮ ጮኸች፦

«ልጁን ወይ ሽጪው ወይ አስወጪው!»

እንግዲህ እንዲህ ነው የጀመሩት።

አሁን ስለ ኳሱ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ የኋላው አይገባችሁም። እዚህ አገር ልጁ የሚጫወትበትን ክለብ ራሱ አይመርጥም። ኅዳር ሲመጣ የአሥራ ስምንት ዓመቶቹ ስም አንድ ላይ ይቀርባል፤ ክለቦቹ በተራ፣ ደካማው ቀድሞ፣ ስም ይጠራሉ። የጠራህ ወሰደህ ነው። ፐርዝ ከጠራችህ አገሩን ሙሉ አቋርጠህ፣ አራት ሰዓት በርረህ፣ ፐርዝ ነህ። እናቴ፣ አባቴ፣ ፍቅረኛዬ የለም።

ከወንዙ በስተሰሜን የሚኖሩት ልጆች ግን ሌላ ናቸው። እነሱን የሲድኒው ክለብ ከአሥራ ሦስት ዓመታቸው ጀምሮ በአካዳሚው ያሠለጥናቸዋል፤ ኅዳር ላይ ሌላ ክለብ ስማቸውን ቢጠራ እንኳ «ተዉት፣ የኔ ነው» ብሎ ማስቀረት ይችላል። ስለዚህ የአካዳሚ ልጅ ማለት ቦታው የተያዘለት ልጅ ነው። ወንዙ ደግሞ ስፋቱ ምን ሊሆን ነው? ድንጋይ ብትወረውሩ ማዶ ያርፋል!

የግሌን ቤት ከወንዙ ደቡብ ነው። እናቱ ዶት ግን ድልድዩን ተሻግሮ፣ በሰሜን ናት። ምን አደረገ? ልጁ አሥራ ሦስት ሲሞላው «ኔድ የሚኖረው አያቱ ዘንድ ነው» ብሎ ፎርም ሞላ። አምስት ዓመት እንግዲህ! ማክሰኞ ማክሰኞ ልጁ ከአባቱ ቤት ይነሳል፤ ድልድዩን ይሻገራል፤ አያቱ በር ላይ ቆሞ የአካዳሚውን ሚኒባስ ይጠብቃል። ሲመልሱትም እዚያው ያወርዱታል። እጁን ያወዛውዛል፣ ሚኒባሱ ከዓይን ሲጠፋ ተመልሶ ድልድዩን ይሻገራል። ከተማው ሁሉ ያውቃል። ቄሱ ያውቃል፣ ፖሊሱ ያውቃል። የራሳችን ልጅ ነው ተብሎ አፍ ሁሉ ተለጎመ።

ቴጋንም ታውቃለች። ማክሰኞ ማክሰኞ እስከ ድልድዩ ድረስ ትሸኘዋለች።

«አሁን የት ነህ፣ ሰሜን ወይስ ደቡብ?» አለችው አንድ ቀን ድልድዩ መሀል ላይ አስቁማ።

«ግራ እግሬ የሲድኒ ነው። ቀኙ ያንቺ ነው።»

«በየትኛው ነው የምትመታው?»

«በቀኙ።»

«ተረፍኩ» አለች። ሳማት። ሚኒባሱ ማዶ ላይ ጡሩምባውን ይነፋል፣ እነሱ ምንም አልሰሙ።

በነሐሴ ክሬግ ለምሳ ሊመጣ ነው ተባለ። ሼሪል ቴጋንን ጠራቻትና «ክሬሙ ላይ እንጆሪ የተደረደረበት ፓቭሎቫ ኬክ ሥሪልኝ፤ አንቺም አብረሽን ትበያለሽ» አለቻት። ቴጋን ደስ አላት። ሰማያዊ ቀሚሷን ተኮሰች። ከትልቅ ሰው ጋር ልተዋወቅ ነው ብላ እኮ ነው፣ ምስኪን! ኬኩን ይዛ በሩ ላይ ስትደርስ ግሌን ወጣና በሩን ከኋላው ገርበብ አደረገው።

«ቴጋን የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ዛሬ አንቺ ኬኩን ያመጣሽው ልጅ ነሽ። በቃ።»

«ኬኩንማ አምጥቻለሁ።»

«አዎ። ሌላ ምንም አይደለሽም ማለቴ ነው።»

«ምን አሉኝ?»

«እስከ ኅዳር ብቻ ነው። ኔድ ያስረዳሻል።»

ኔድ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። አየችው። ጫማውን አየ።

ክሬግ ገባ። እጅ ከመጨበጡ በፊት ልጁን ከእግር እስከ ራሱ ቃኘው። ሐሙስ ሐሙስ የበግ ጨረታው ላይ ነጋዴዎቹ እንዲህ ነው የሚያዩት፤ በጉ ግን ቢያንስ ፈገግ በል አይባልም።

«ሸሚዝህን ግለጥልኝ እስቲ፣ ጎረምሳው።»

ከቦርሳው መቆንጠጫ አወጣ። ሆዱን ቆነጠጠው፣ ጻፈ። ጀርባውን ቆነጠጠው፣ ጻፈ። ጭኑን ሁሉ! ልጁ እዚያ ማዕድ ቤት መሀል ቆሞ ጆሮው ፍም መስሏል። ይኼ አልበቃው ብሎ ወደ እናትየዋ ዞረ።

«ሼሪል፣ ጫማሽን አውልቀሽ ግድግዳውን ትደገፊልኝ? ልጁ ገና ያድግ እንደሆን ከእናት ነው የሚታወቀው።»

ሃምሳ ዓመት የሞላት ሴት፣ በገዛ ቤቷ፣ የምድጃ ጓንቷን እንዳጠለቀች ጫማ አውልቃ ግድግዳ ተደገፈች። ለካት። ኤጭ! «የናትሽስ ወገን ይወፍራል?» ብሎ ጠየቃት ደግሞ።

ከምሳ በኋላ ቴጋን ኬኩን ልትቆርስ ቢላዋ አነሳች። ክሬግ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ እግሩን አንፈራጦ፣

«ኔድ፣ አንዲት ጥያቄ። ፍቅረኛ አለህ?» አለ።

ሹካ እንኳ አልተንቀሳቀሰ።

«አትፈር። ሴት ጠልቼ አይደለም። ሴት ያለችው ልጅ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ናፈቀችኝ ብሎ አገሩ ይገባል። እኛ ተመላሽ ነው የምንላቸው። እዚህ ደብተር ላይ 'ተ' ካደረግኩበት ልጁ አበቃለት።»

ኔድ ቀና ብሎ ቴጋንን አያት። እሷም አየችው። ቢላዋው ክሬሙ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። ዓይኖቹ አንድ ነገር ሊሉ የፈለጉ መሰላት።

«የለኝም» አለ።

«ጎበዝ! አንቺ ቆንጆ፣ ለኔ ከእንጆሪው በኩል ቁረጪልኝ።»

ቴጋን ቆረጠችለት። ከዚያ ሰውዬው እያያት፣ ቁራሹ ላይ ያሉትን እንጆሪዎች አንድ ባንድ ለቅማ በላችና ባዶውን ክሬም ፊቱ ገፋችለት። ቦርሳዋን አንስታ በጓሮ በር ወጣች። ስትወጣ የግሌን ድምፅ «ይቺ ልጅ ምን ሆነች?» ሲል፣ የሼሪልም «አንተስ የአደሌይድ ክለብ ወስዶህ ሳለ ጥለህ የመጣኸው ለማን ብለህ ነበር?» ስትል ሰማች። ክሬግ ማኘኩን አቆመ፤ ብዕሩንም አነሳ ይላሉ።

በማግስቱ ጠዋት ኔድ ዳቦ ቤት መጣ።

«ቴግ...»

«ምን ልታዘዝ?»

«አናግሪኝ እባክሽ።»

«ነጭ ነው ቡኒ?»

«ሦስት ወር ብቻ ነው። ኅዳር ይለፍ እንጂ ለዓለም እነግራለሁ።»

«ኅዳር ካለፈማ ሲድኒ ነህ። እዚያ ማን ይጠይቅሃል?»

«ምን ልበለው ነበር? አባቴ አምስት ዓመት የለፋበት ነው።»

«አትዋሽ አላልኩህም። የአያትህን ቤት ውሸት አብሬህ ስዋሽ ነው የከረምኩት። ያ ስለ አልጋ ነው። ይኼ ስለኔ ነው፣ ኔድ። አያገባህም ማለት ትችል ነበር። ዝም ማለት ትችል ነበር። አንተ ምራቅህን እንኳ ሳትውጥ የለኝም አልክ።»

ማርጅ ከጓሮ ጮኸች። «ማነው እሱ?»

«ማንም የለም አክስቴ!»

«ታዲያ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከሌለ ሰው ጋር!»

ኔድ ዳቦም ሳይገዛ ወጣ። ቴጋን ባንኮኒውን ጠረገችው፣ ጠረገችው፣ ቀለሙ እስኪለቅ ጠረገችው። ጠላችው እንዳትሉ፤ ብትጠላውማ ይቀላት ነበር። እየወደደችው ነው የቀፈፋት። ያ ሲቆነጠጥ ያየችው ሆድ፣ ያ ጫማውን ያየ ዓይን፣ ያ «የለኝም» ያለ አፍ፣ ስታስበው ሁሉ ያቅለሸልሻታል። መልሳ ደግሞ ታስበዋለች።

በመስከረም ወሬ መጣ። አንድ ሌላ ክለብ «ያ ልጅ ሰሜን አይኖርም» ብሎ ከሰሰ አሉ። ሊጉ ራኒ የምትባል መርማሪ ሊልክ ነው፣ ረቡዕ ጠዋት ዶት ቤት ትገባለች ተባለ። የከተማው ሩጫ ምን ልበላችሁ! አንዱ የኔድን ጫማ፣ አንዱ ዋንጫዎቹን፣ ሌላው የትምህርት ቤት ሹራቡን ተሸክሞ ድልድዩን ይሻገራል። የጥርስ ብሩሹን ሳይቀር ውሃ ነክረው አስቀመጡ። ሰው እንዲህ ለድሃ ቢረባረብ የት በደረስን!

ረቡዕ ደግሞ ቴጋን ለእማማ ዶት ዳቦ የምታደርስበት ቀን ነው። ስትገባ ሁሉም መኝታ ክፍሉ በር ላይ ተኮልኩለዋል፦ ግሌን፣ ኔድ፣ ሰማንያ አራት ዓመት የሞላት ጆሮዋ የደከመ ዶት፣ እና አንዲት ጠይም፣ መነጽር ያደረገች ሴት፣ ራኒ።

«የሚተኛበት አልጋ ይኼ ነው?» አለች ራኒ።

ሁሉም አልጋውን አየ። ወይ ጉድ! ከተማ ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ሁሉን ሲያስብ አልጋውን ያሰበ የለም። ፎርሙ የተሞላ ጊዜ፣ የዛሬ አምስት ዓመት፣ የገባ የሕፃን አልጋ ነው፤ ራስጌው ላይ ትራክተር ተስሎበታል። ራኒ ሜትር አወጣች።

«አንድ ሜትር ከስልሳ። የልጁ ቁመት ስንት ነው?»

«አንድ ሜትር ከዘጠና አራት!» አለ ግሌን። ቁመቱን ለመጣ ለሄደው መልማይ በኩራት መናገር ስለለመደ ከአፉ አመለጠው።

«ታዲያ እንዴት ነው የሚተኛበት?»

«ታጥፎ» አለ ግሌን።

«አዎ፣ ታጥቦ!» አለች ዶት። «አንሶላውን ዛሬ ጠዋት ነው ያጠብኩት!»

ራኒ ሳቋን ዋጠችና ወደ ቴጋን ዞረች።

«አንቺስ ማነሽ?»

«ዳቦ አምጪ ናት» አለ ግሌን ቀድሞ።

«እንግዲያው ቤቱን ታውቂዋለሽ። ኔድ እዚህ ነው የሚያድረው?»

ግሌን በዓይኑ ለመናት። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው። አዎ ካለች ልጁ ሲድኒ ነው፤ አይ ካለች አምስት ዓመት ገደል ገባ። ቴጋን ኔድን አየችው። እጁን ኪሱ ከትቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ልታጠፋውም ልታድነውም አልፈለገችም፤ ቀፈፋት።

«እኔን አይጠይቁኝ» አለች። «እሱ የለችኝም ብሏል። የሌለ ሰው ደግሞ አይመሰክርም።»

«ልጅት፣ የተጠየቅሽውን መልሺ!»

«አንተ ዝም በል!» አለችው ግሌንን። አንቱታው እዚያው ላይ ቀረ።

ያኔ ኔድ ሄደና አልጋው ላይ ቁጭ አለ። አልጋው ሲጢጥ አለ፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። ያ ግዙፍ ልጅ ትራክተሩ ሥር ተኮራምቶ ሲታይ ያስቅም ያሳዝንም ነበር።

«አድሬበት አላውቅም» አለ። «አንድም ቀን። የማድረው አባቴ ቤት ነው፣ ከወንዙ ደቡብ።»

«ኔድ!» አለ ግሌን።

«ሌላም ይጻፉ።»

«ምን ልጻፍ?» አለች ራኒ።

«ፍቅረኛ አለኝ። ስሟ ቴጋን ነው። ይቺው ናት፣ ዳቦ የያዘችው። ክሬግ ሲጠይቀኝ የለኝም ያልኩት ውሸት ነው።»

«ይሄ እንኳ እኔን አይመለከተኝም።»

«እሷን ይመለከታታል። ይጻፉልኝ።»

ራኒ መነጽሯን ገፋ አድርጋ ጻፈች። ዶት ምንም ሳትሰማ «ሻይ ላፍላ?» አለች። ቴጋን ዳቦውን አስቀምጣ ሄደች፤ ድልድዩ ላይ ስትደርስ እያለቀሰች እንደሆነ ያወቀችው ነፋሱ ፊቷን ሲያቀዘቅዛት ነው።

ኔድ ከአካዳሚው ተሰረዘ። ክሬግ፣ ያ ሆድ ቆንጣጭ፣ ያ «ጎበዝ» ባይ፣ አንዲት ስልክ እንኳ አልደወለም። አምስት ዓመት አብረውት ያደጉት ልጆች ከስልክ ቡድናቸው አስወጡት። ግሌን ልጁን ማነጋገር አቆመ። ያ አምስት ዓመት አፉን የለጎመ ከተማ ደግሞ አሁን ተለቀቀ፤ «ያቺ የዳቦ ቤት ልጅ ናት ያስለፈለፈችው» እያለ ዳቦውን ከሱፐርማርኬት መግዛት ጀመረ። ቱ! ውሸቱን ተሸክሞ ሲሻገር የነበረ ሁሉ!

ኔድ ዳቦ ቤቱ መጣ። ቴጋን አላናገረችውም። በነጋታውም መጣ። ማርጅ «ከቆምክማ ትሪ እጠብ» ብላ ጓሮ አስገባችው። ሳምንቱን ሙሉ ትሪ አጠበ፣ አንዲት ቃል አልተናገረም። በስምንተኛው ቀን ቴጋን የራሷን ሽርጥ ወረወረችለት።

«ሸሚዝህ በሰበሰ» አለች።

ሽርጡ እምብርቱ ላይ አልደረሰለትም። ታሰረበት ግን።

ስሙ አሁን ከሁሉም ጋር አንድ ላይ ቀርቧል፤ ማንም ክለብ ሊጠራው ይችላል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወንዙ ዳር ይሮጣል፤ ቴጋን ሰዓት ትይዝለታለች። «ፐርዝ ብትጠራኝስ?» ይላታል። «እዚያም ዳቦ ይበላሉ» ትለዋለች። ሁለቱም ተስፋ አደረጉ፤ ውሸት ምን ያደርጋል።

ኅዳር መጣ። የከተማው ክለብ አዳራሽ ውስጥ ሰው ተሰበሰበ፤ ፀሐይ ገና አልገባችም፣ ደጅ ላይ ቋሊማ ይጠበሳል። ከስድብ በኋላ ደግሞ ወሬ አያመልጠን ብለው መጡ። ቴሌቪዥኑ ላይ ስም መጠራት ጀመረ። አሥር ስም። ሃያ ስም። ኔድ የቴጋንን እጅ ይዟል፤ አጥንቷ እስኪያማት ይዟል። አርባ። አንዱ ክለብ «ኔ» ብሎ ሲጀምር አዳራሹ ሁሉ ብድግ አለ፤ «ኔልሰን» የሚባል ሌላ ልጅ ነበር። ቁጭ አሉ። ሃምሳ። ስልሳ። አለቀ። ማስታወቂያ ገባ።

ማንም አልጠራውም። ወንዝ መሀል የቆመ፣ የዋሸ፣ ሴት ያለችው፣ አባቱም ተመላሽ የነበረ ልጅ ማን ይጠራል?

ሰው እየተንጠባጠበ ወጣ። ግሌን ተነሳ፤ ከልጁ ፊት ቆመ፤ አፉን ከፈተ። ያለው ግን «ቋሊማው አልቋል?» ነው። ለማን እንዳለው አይታወቅም። ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ኔድ ክንዱ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ቴጋን አይዞህ አላለችውም። አጠገቡ ቁጭ ብላ እስኪወጣለት ጠበቀችው።

«ትጸጸታለህ?» አለችው በመጨረሻ።



«አዎ» አለ።

«በኔ?»

«ባንቺ አይደለም። በኳሱ። ውስጤን ያቃጥለኛል፣ ቴግ። ምንም አይደለም ልልሽ አልችልም።»

«እሰይ» አለች።

ቀና አለ። ዓይኑ አብጧል፣ አፍንጫው ይፈሳል።

«ምኑ ነው እሰይ?»

«ምንም አይደለም ብትለኝ ኖሮ ጥዬህ ነበር የምሄደው። ሁለተኛ ስትዋሽ ልሰማህ አልችልም።»

ሳቀ፤ ሳቁ ከለቅሶው ጋር ተቀላቅሎ የማያምር ድምፅ አወጣ። በእጅጌዋ ፊቱን ጠረገችለት።

«ስታለቅስ አስቀያሚ ነህ።»

«አውቃለሁ።»

«በል ተነስ። ሁሉም ወንበሩን እንደተቀመጠበት ጥሎ ነው የሄደው። ረጅሙ አንተ ነህ፣ ከላይ ከላዩን አንተ ጫን።»

ተነሳ። እሷ አቀበለችው፣ እሱ ደረደረ።